ሞዴል አሥራ ዘጠኝ

ማኅተሟን ቋጥሬ በአሮጌ መሐረብ፣
ቁልቁለቱን ያዝኩት፣ ሄጄ ላስረክብ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደረት ኪሴ ያደረች፣
በክብ ሐምራዊ አፏ ሸሚዜን የሳመች፣
የቡርቃ ጢኖ ማኅተም፤
ከዛሬ በኋላ የማታትም።

«ትንሿ ምንጭ» ነው ፍቺው በኦሮምኛ።
ሰማንያ ሦስት አባወራ፣ አንድ መስጊድ፣
በናፍጣ እጦት የቆመ ወፍጮ፣
አንድ ጸሐፊ፤ እሱም እኔ።
በዚህች ማኅተም ስንቱን አጋባን፣ ስንቱን ፍየል ሸጥን፣
ስንቱን በሽተኛ «መክፈል አይችልም» ብለን ወደ ሆስፒታል ላክን።
ጅቡቲ ለተሰወረ አንድ ልጅ «የእኛ ነው» ብላ መስክራለች፤
ልጁ ባይመለስም፣ ቃሏን አላጠፈችም።

ደብዳቤው ሦስት መስመር ነው። ሁለቱ ሰላምታና ቁጥር።
ሦስተኛው «ተጠቃሏል» ይላል፤ ሌላ የለውም ነገር።
ለአብዶሽ ዩያ ሳነብለት በሙዝ ቅጠል ጫት ያስራል፤
ቀና ሳይል ሰማኝና «ተጠቅልለናል በለኛ!» ይላል።
«አስተሳሰሩስ እንዴት ነው? ላላ ካለ መንገድ ይበትነዋል፣
እጅግ ከጠበቀ ደግሞ ቅጠሉ ታፍኖ ይጠቁራል።»
ደብዳቤውን ገለበጥኩት።
ስለ አስተሳሰር አልጻፉበትም።

ስብሰባው ላይ ሽማግሌው ሁሉ ስለ ስም ሲከራከር፣
ስለ ድንበር፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ መቃብሩ አጥር፣
ኑሪያ ሙሜ ብድግ አለች፤ ሕፃን ታቅፋ ነበር።
«በስልክ መብራት ነው የወለድኩት፤ ባትሪው አለቀ በመሐል።
ስማችንን ይውሰዱትና አምፖል ይስጡን። ስም መቼ ያበራል?»
ማንም አልመለሰላትም።
ቃለ ጉባኤው ላይ «አንዲት ተሰብሳቢ» ብዬ ጻፍኳት፤
ስሟን ዘለልኩት። እሱ ነው እስካሁን የሚቆጨኝ።

በእግር እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ በአባዱላ፣
ከአምበሾክ ቅርጫት ጎን፣ ከዶሮዎች ኋላ።
ጆሮዬ ጧ ሲልልኝ፣ ሹራቤን ሳወልቅ፣
ድሬ ከታች ታየች፣ ቆርቆሮዋ ሲያብረቀርቅ።

ቢሮው ውስጥ ቬንትሌተሩ ሙቀቱን ከጥግ ወደ ጥግ ያዞራል።
ልጅቷ መሳቢያ ሳበች፤
የሌሎች መንደሮች ማኅተም እንደ ወለቀ ጥርስ ተከምሯል።
ጻፈችልኝ፦ «አንድ ማኅተም። ክብ። እጀታው የተሰነጠቀ። ያገለገለ።»
ሞዴል አሥራ ዘጠኝ። ፈርም። ፈረምኩ።
«አንዴ ብቻ» አልኳት።
ገባት መሰለኝ፣ ቀለሙን ገፋችልኝ፤
መዳፌን ዘርግቼ መታሁት።

እጄን እንደ ጥሬ እንቁላል ይዤ ቀፊራ ስደርስ
የድሬ ላብ ቀድሞኛል።
ምንጩ ታጥቦ ሄዷል፤ ትንሽነቱ ቀርቷል፤
«ጢኖ» ብቻ ይነበባል።

ደቻቱ ደርቋል። አንድ ወጣት አሸዋ በአካፋ አይሱዙ ላይ ይጭናል።
ጎንበስ ብዬ ዘገንኩ፤ ቀዩን ጠጠር አወቅሁት፤
ከአብዶሽ እርከን ነው፣ ባለፈው ነሐሴ ጎርፍ የናደው።
እኛማ ስንወርድ ኖረናል፣
ያለ ደብዳቤ፣ ያለ ማኅተም፣ በየክረምቱ፣ በጨለማ፤
ግድግዳ ሆነን ቆመናል፣ ሳይጠሩን፣ በዚህ ከተማ።
«አቦ፣ ትገዛለህ ወይስ ታያለህ?» አለኝ ወጣቱ።
አሸዋውን መለስኩለት።

ማታ መናኸሪያ ረዳቱ ሒሳብ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት።
«ጨምር» አለ።
«ከተማ ሆነናል እኮ» አልኩት፣ «የውስጥ መስመር ነው ታሪፉ!»
ሳቀ፤ ወደ ተራራው በአገጩ እያሳየኝ፤
«ዳገቱ ገና ደብዳቤ አልደረሰውም።»
ጨመርኩለት።